«ጥፋት» እና «ጥሰት»፦ በአንድ የቅርጫት ኳስ ደንብ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

የስፖርት ደንብ ትርጉም በቃላት ኮሚቴዎቻችን ጠረጴዛ ላይ ዘወትር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ለሕክምናው፣ ለግብርናው፣ ለሕጉና ለሒሳቡ ቃላት ቀዳሚነት ሲሰጥ፣ የኳስ ሜዳው ቃል ለጋዜጠኛውና ለአሠልጣኙ ተትቷል። እግር ኳስን በሚመለከት ውጤቱ የሚያስከፋ አልሆነም፤ «ማዕዘን ምት»፣ «ቅጣት ምት»፣ «ከጨዋታ ውጪ»፣ «ግብ ጠባቂ» የተባሉት ቃላት በሬዲዮ ድምፅ ከሕዝብ ጆሮ ገብተው፣ ዛሬ የትርጉም ቃላት መሆናቸውን የሚያስታውስ የለም። ቅርጫት ኳስ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ጨዋታው በአብዛኛው በትምህርት ቤት ግቢ የሚኖር በመሆኑ፣ ቃሉም ከሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ሲተላለፍ ቆይቷል እንጂ እምብዛም ተጽፎ አልታረመም።

ይህን ሂስ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በእጄ የገባ አንድ የትርጉም ረቂቅ ነው። ረቂቁ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በምኅጻረ ቃሉ ፊባ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ካወጣው የደንብ መጽሐፍ ተቀንጭቦ ለጀማሪ ዳኞች ማሠልጠኛ የተዘጋጀ ነው። ያዘጋጀውን ክፍልም ሆነ ተርጓሚውን መጥቀስ ለጉዳዩ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ አልጠቅሳቸውም፤ ሥራው በቅን ልቡና የተሠራ ለመሆኑ ግን በየገጹ ማስረጃ አለ። እኔ በቋንቋ አማካሪነት የተጠራሁት ረቂቁ ከተባዛና ሥልጠናው ከተጀመረ በኋላ ነበር። በመጨረሻው ቀን በተደረገው የቃል ፈተና ላይ ተቀምጬ ሳዳምጥ፣ ፈታኙ አንዱን ሠልጣኝ «ኳስ እንደ ያዘ ከተፈቀደለት በላይ የተራመደ ተጫዋች ምን ይደረጋል?» ሲል ጠየቀው። ሠልጣኙ ሳያመነታ፣ «ጥፋት ነው፤ በስሙ አንድ ጥፋት ይመዘገብበታል፤ አምስት ሲሞላበት ከጨዋታ ይወጣል» ሲል መለሰ። ፈታኙ ራሱን ነቅንቆ ዜሮ ጻፈበት።

ከፈተናው በኋላ ረቂቁን ገልጬ ተመለከትሁ። አምስተኛው ምዕራፍ «ጥፋቶች» ይላል። ስድስተኛው ምዕራፍ ደግሞ «ጥፋቶችና ቅጣታቸው» ይላል። ሠልጣኙ የተሰጠውን ጽሑፍ በሚገባ አንብቧል፤ ባያነብ ኖሮ ምናልባት በሜዳ ከለመደው ተነሥቶ ትክክለኛውን ይመልስ ነበር።

በዋናው ደንብ ሁለቱ ምዕራፎች የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ «ቫዮሌሽን» የሚባለው ሲሆን፣ ውጤቱ ኳሱ ለተጋጣሚው ቡድን ተሰጥቶ፣ ድርጊቱ ለተፈጸመበት ቦታ ቅርብ ከሆነው ስፍራ፣ ከመስመር ውጪ ወደ ሜዳ እንዲገባ ማድረግ ነው። በማንም ስም የሚመዘገብ ነገር የለም። ሁለተኛው «ፋውል» ሲሆን፣ ከተጋጣሚ ጋር የሚደረገውን ሕገ ወጥ አካላዊ ንክኪ ወይም ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለውን ጠባይ ይመለከታል፤ በፈጻሚው ስም ይመዘገባል፤ በፊባ ደንብ አምስት ሲሞላ፣ በአሜሪካው የሙያ ሊግ ደግሞ ስድስት ሲሞላ ተጫዋቹ ከጨዋታው ይወጣል፤ እንደ ሁኔታውም ነጻ ውርወራ ያስከትላል። የዳኛው እጅ ሳይቀር ሁለቱን ይለያል። ለመጀመሪያው ፊሽካ ነፍቶ መዳፉን እንደ ዘረጋ ክንዱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ለሁለተኛው ፊሽካ ነፍቶ እጁን ጨብጦ ያነሣል። ዳኛው በተዘረጋ መዳፍና በተጨበጠ እጅ የለየውን ነገር ጽሑፉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ካቀረበው፣ ሠልጣኙ መቼ ጨብጦ መቼ እንደሚዘረጋ ከየት ያውቃል?

ለተርጓሚው ፍትሕ ያህል አንድ የታሪክ ነጥብ ላንሣ። ጄምስ ኔይስሚዝ በዲሴምበር 1891 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን ፈጥሮ በተከታዩ ዓመት ያሳተማቸው 13 ደንቦች እነዚህን ሁለት ነገሮች አይለዩም ነበር። ኳስ ይዞ መሮጥም፣ ኳስን በጡጫ መምታትም፣ ሰውን መግፋትም ሆነ መጥለፍ ሁሉም «ፋውል» ይባሉ ነበር፤ አንደኛው ወገን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከፈጸመና በመካከሉ ተጋጣሚው አንድም ካልፈጸመ፣ ለተጋጣሚው አንድ ግብ ይቆጠርለት ነበር። መለያየቱ የመጣው ጨዋታው እየዳበረ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ረቂቁ በአንድ ቃል ሁለቱን ሲጠራ፣ ሳያስበው የ1892ቱን ሥርዓት መልሶ አምጥቷል። ፊሽካ የሚነፋው ዳኛ ግን የሚዳኘው በዛሬው ደንብ ነው።

ለሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች አቻ ስንፈልግ በተለመደው አሠራር መጀመሪያ የምንመለከተው በሕዝብ አፍ ያለውን አማርኛ ነው፤ ቀጥሎ ግዕዝን፣ ከዚያም ሌሎቹን የአገራችንን ቋንቋዎች፣ በመጨረሻም ውሰትን። እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ደረጃ መውረድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አማርኛ የሰውን ጉድለት በመሰየም ረገድ ድኻ ሆኖ አያውቅም፤ «ስሕተት»፣ «ጥፋት»፣ «በደል»፣ «ግድፈት»፣ «ነውር»፣ «ጥሰት»፣ «መተላለፍ» በእጃችን ናቸው። ጥያቄው እያንዳንዱ ስም ከየትኛው ግሥ እንደ ተገኘና ያ ግሥ ምን ዐይነት ተሳቢ እንደሚቀበል ነው።

«በደለ» የሚለው ግሥ ሰውን ተሳቢ አድርጎ ይጠይቃል፤ «ጓደኛውን በደለ» ይባላል እንጂ «መስመሩን በደለ» አይባልም። በዚህ ረገድ ሲታይ «በደል» ለ«ፋውል» እጅግ የቀረበ አቻ ነበር። ይሁን እንጂ የቃሉ ክብደት የችሎትና የንስሓ ነው፤ አንድ ተከላካይ ክንዱ የአጥቂውን ክንድ ስለ ነካ «በደለኛ» ቢባል ተመልካቹ ይስቃል። «ጣሰ» ግን የሚጠይቀው ሰው ያልሆነ ተሳቢ ነው። አጥር ይጣሳል፣ ድንበር ይጣሳል፣ ማሳ ይጣሳል፣ ውል ይጣሳል። በቅርጫት ኳስ «ቫዮሌሽን» የሚባሉትንም ብንመለከት፣ የሚጣሰው ነገር የሜዳው መስመር፣ የጊዜ ገደብ ወይም የኳስ አያያዝ ሥርዓት ነው፤ የተጎዳ ሰው የለም። «ጥፋት» በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ «አጠፋ» ያለ ተሳቢም ይነገራል፣ «በእገሌ ላይ ጥፋት ፈጸመ» ተብሎ ባለቤት ያለው ጉዳትም ይነገርበታል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ግሥ ቅጥያ ጥሩ ምስክር ይሆነናል። «ጥፋት ተፈጸመበት» ስንል «-በት» የተጎዳውን ሰው ያመለክታል። «ጥሰት ተፈጸመበት» ስንል ግን ጆሯችን በመጀመሪያ የሚፈልገው ቦታውን ወይም ጊዜውን ነው፤ «ጥሰት የተፈጸመበት ቦታ» እንደ ማለት። ደንቡም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። በ«ፋውል» ጊዜ ዳኛው በማን ላይ እንደ ተፈጸመ ይመለከታል፤ ነጻ ውርወራ ካለ በደንቡ የሚወረውረው ያ ተጫዋች ነውና። በ«ቫዮሌሽን» ጊዜ የት እንደ ተፈጸመ ይመለከታል፤ ኳሱ ከዚያ አቅራቢያ ይገባልና። ሁለቱን ቃላት ስንለይ አዲስ ልዩነት በአማርኛ ላይ አንጭንም፤ ቋንቋው ራሱ አስቀድሞ የለየውን እንወስዳለን።

«የደንብ መተላለፍ» የሚለውን የሕግ ሰዎች ቃል ለ«ቫዮሌሽን» ያቀረቡልኝ አንድ የሥራ ባልደረባ አሉ። ሐሳባቸውን በአክብሮት መርምሬ አልተቀበልሁትም። በወንጀል ሕጋችን ደንብ መተላለፍ ከወንጀል የሚለየው በክብደቱ ማነስ ነው። በቅርጫት ኳስ ግን ልዩነቱ የክብደት ሳይሆን የዐይነት ነው፤ ቀላል የክንድ ንክኪ «ፋውል» ሲሆን፣ በመጨረሻው ሰከንድ የተፈጸመ የመስመር መርገጥ ጨዋታውን ያሳጣል። ቀላልና ከባድ የሚል ስሜት ይዞ የሚመጣ ቃል ዳኛውን ያሳስተዋል። «ጥሰት» ላይ ደግሞ የሚነሣው ተቃውሞ፣ ቃሉ በዜና «የሰብዓዊ መብት ጥሰት» እየተባለ ከመነገሩ የተነሣ ለጨዋታ ከበደ የሚል ነው። ተቃውሞው ሚዛን አለው። ይሁንና ክብደቱ የተገኘው ከተጣሰው ነገር ነው፤ አጥር የጣሰች ላም ማንንም አላሸበረችም። በመሆኑም ለ«ቫዮሌሽን» «ጥሰት»፣ ለ«ፋውል» «ጥፋት» የሚለውን አቀርባለሁ። ሁለተኛው በእግር ኳስ ስርጭት የጸና ስለሆነ ከዚያ ማፈናቀሉ ትርፍ የለውም።

ወደ ዝርዝሩ ስንገባ፣ በጀማሪዎች ጨዋታ ዘወትር የሚታየውና ረቂቁም ከሁሉ ይልቅ የተደናገረበት «ትራቭሊንግ» የሚባለው ጥሰት ነው። ረቂቁ በአንድ ስፍራ «ጉዞ»፣ በሌላው «እርምጃ»፣ በሦስተኛው «ኳስ ይዞ መሮጥ» ይለዋል። አንድን ነገር በሦስት ስም መጥራት በልብ ወለድ ድርሰት ውበት ሊሆን ይችላል፤ በደንብ ውስጥ ግን አንባቢው ሦስት የተለያዩ ክልከላዎች ያሉ እንዲመስለው ያደርጋል። «ጉዞ» የእንግሊዝኛውን ቃል ከመገልበጥ በቀር ሌላ ምክንያት የለውም። የአማርኛ ጉዞ ስንቅ አለው፣ መነሻና መድረሻ አለው፤ ባለበት ቆሞ እግሩን አንድ ጋት ያንሸራተተ ተጫዋች ተጓዥ አይባልም። «ኳስ ይዞ መሮጥ» የኔይስሚዝ አገላለጽ ነው፤ ለዘመኑም ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን ደንቡ የሚከለክለው ኳስ በእጅ ሳለ አንዱን ወይም ሁለቱን እግር፣ በማናቸውም አቅጣጫ፣ ከተወሰነው በላይ ማንቀሳቀስን ነው። ሳይሮጡ መጣስ ይቻላል፤ እየሮጡም አለመጣስ ይቻላል። እየተንቀሳቀሰ ኳስ የያዘ ተጫዋች ለመቆም፣ ለማቀበል ወይም ለመወርወር ሁለት እርምጃ ይፈቀድለታል፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህም ኳሱን በቁጥጥሩ ሥር በሚያደርግበት ቅጽበት መሬት ላይ ያለው እግር ከሁለቱ እርምጃዎች አይቆጠርም።

«እርምጃ» የሚለው ቢያንስ ከሜዳ የመጣ ነው፤ ተማሪዎች ሲጫወቱ «እርምጃ!» ብለው ሲጮኹ ሰምቻለሁ። ይሁን እንጂ እርምጃ በራሱ ጥሰት አይደለም፤ ጥሰቱ ከተፈቀደው ማለፉ ነው። ከዚህም በላይ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተቀጣ ማለት ስለሆነ፣ ረቂቁ «ተጫዋቹ እርምጃ ከወሰደ እርምጃ ይወሰድበታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ላይ ደርሷል። በዚህ ስፍራ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልሁም። የሕዝቡን ቃል ሳንጥል ጉድለቱን ለመሙላት «እርምጃ ማብዛት» የሚለውን አቀርባለሁ። ቃሉ የማይሸፍነው አንድ ጉዳይ እንዳለ አምናለሁ፤ ኳስ ይዞ የወደቀ ተጫዋች ኳሱን እንደ ያዘ ቢንከባለል ወይም ለመነሣት ቢሞክር፣ አንድም እርምጃ ሳይራመድ ይኸው ጥሰት ይሆንበታል። ይህን ፍቺው ይሸከመው እንጂ ስሙ አይሸከመውም።

በዚሁ አንቀጽ ሥር ተርጓሚው «ተጫዋቹ ከሁለት እርምጃ በላይ መሄድ አይችልም» ይላል። «አይችልም» በአማርኛ አቅም ማጣትንም ፈቃድ ማጣትንም ይናገራል፤ «ሕፃኑ መሄድ አይችልም» ስንል ማንም ስለ ክልከላ አያስብም። ለደንብ «የለበትም» ወይም «አይፈቀድለትም» ማለት ይገባል። ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል፤ ነገር ግን በረቂቁ አንድ ገጽ ላይ «አይችልም» ሰባት ጊዜ ተጽፎ ሳየው፣ ደንብ ሳይሆን የሐኪም ማስረጃ የማነብ መሰለኝ።

መሬት ረግጦ የሚቀረውንና ተጫዋቹ የሚዞርበትን እግር ረቂቁ «ምሰሶ እግር» ብሎታል። ምሰሶ ግን አይዞርም። በትምህርት ቤት ጂኦግራፊ መሬት የምትሽከረከርበትን መስመር «ዛቢያ» ማለት ከለመድን ቆይተናል፤ ቃሉ ከመጥረቢያ እጀታ ተነሥቶ ከዚህ ደረጃ የደረሰ ነው። «ዛቢያ እግር» ቢባል ተማሪው ትርጉሙን ከጂኦግራፊ ክፍሉ ይዞት ይመጣል። «ትክል እግር» የሚሉም ይኖራሉ፤ መትከሉን ይነግረናል፣ መዞሩን ግን ይተወዋል።

«ደብል ድሪብል» በሚባለው ጥሰት ላይ ወቃሽም ተወቃሽም እኔው ነኝ። ረቂቁ «ድርብ ማንጠር» ይለዋል፤ ይህን ቃል ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የቃላት ስብሰባ ላይ ደግፌ እጄን ያነሣሁ ሰው ነኝና። ዛሬ ስሕተቱ ይታየኛል። በአማርኛ «ድርብ» በአንድነት የተነባበረ ወይም የተጣመረ ነገር ነው፤ ድርብ ኩታ እንደምንል። ሰልጣኙም «ድርብ ማንጠር»ን ሁለት ኳስ ወይም ሁለት እጅ አድርጎ ቢረዳው አይፈረድበትም። ደንቡ የሚለው ግን ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ማንጠር ካበቃ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይጀምር ነው፤ ማንጠሩም የሚያበቃው ኳሱን በሁለት እጁ በአንድ ጊዜ ሲነካ፣ ወይም ኳሱ በእጁ ላይ እንዲያርፍ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ «ዳግም ማንጠር» ትክክለኛው ነው። በመካከሉ ማብቃት እንዳለ «ዳግም» የሚለው ቃል ይናገራል፣ «ድርብ» ግን ይሸፍናል።

«ማንጠር» የሚለው ዋና ቃል ራሱ በመምህራን ዘንድ የጸና ነው፤ ሊነካ አይገባም። አንጥረኛው ወርቁን ከሚያነጥርበት ግሥ ጋር መመሳሰሉ ማንንም አላሳሳተም። ማስታወስ የሚያሻው፣ የደንቡ ጽንሰ ሐሳብ ከአማርኛው ቃል የሰፋ መሆኑን ነው፤ ኳሱን በወለሉ ላይ አንከባልሎ ማንም ሳይነካው መልሶ የነካ ተጫዋችም በደንቡ አንጥሯል ይባላል። ይህ በፍቺው ውስጥ ካልተጻፈ ዳኛው «ኳሱ መቼ ነጠረ?» የሚል ክርክር ይገጥመዋል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው፣ ተጫዋቹ እያነጠረ እጁን ከኳሱ ሥር አድርጎ የሚይዝበት ጥሰት ነው። ረቂቁ «ኳስ መሸከም» ይለዋል። ሸክም በአማርኛ ከትከሻ፣ ከጀርባ ወይም ከራስ ላይ ነው፤ የአንድ እጅ መዳፍ ኳስ አይሸከምም። ደንቡ «በእጅ ላይ ማረፍ» የሚለውን ሐሳብ ስለሚጠቀም «ኳስ ማሳረፍ» ማለት ይበቃል። ማሳረፍ ለጥፊም ለአውሮፕላንም እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ኳሱ ከተጠቀሰ ግን ማደናገሩ ይቀራል።

በጊዜ ላይ የተመሠረቱት ጥሰቶች ሌላ ዐይነት ጥያቄ ያነሣሉ። ረቂቁ እንግሊዝኛውን ተከትሎ በቁጥር ይሰይማቸዋል፤ «የሃያ አራት ሰከንድ ጥፋት»፣ «የስምንት ሰከንድ ጥፋት» እያለ። ቁጥር ግን ይለወጣል። የአሜሪካው ሊግ የ24 ሰከንዱን ደንብ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ፣ ፊባ በ1956 የተቀበለው በ30 ሰከንድ ነበር፤ ወደ 24 ያወረደው በ2000 ነው። በዚያው ጊዜ ኳስን ከኋላ ሜዳ ወደ ፊት ሜዳ ለማሻገር የሚፈቀደው ጊዜ ከ10 ወደ 8 ሰከንድ ወርዷል። በ1980ዎቹ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተን «የሠላሳ ሰከንድ ጥሰት» ብለን ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ቃሉ ሙት ነበር። አሁንም ቢሆን ኳሱ ቀለበቱን ነክቶ ወደ ወረወረው ቡድን እጅ ሲመለስ የሚሰጠው 14 ሰከንድ ስለሆነ፣ «ሃያ አራት» የሚለው ስም ከነገሩ ጋር ዘወትር አይገጥምም። እኔ ተግባሩን መሰየም ይሻላል እላለሁ፤ «የማጥቂያ ጊዜ ጥሰት» እና «የመሻገሪያ ጊዜ ጥሰት»። ቁጥሩ በፍቺው ውስጥ ይግባ፤ ሲለወጥ የሚሰረዘው አንድ አኀዝ ብቻ ይሆናል።

የሦስት ሰከንዱን በሚመለከት ረቂቁ ቃል ጥሎ ደንቡን ለውጦታል። «ተጫዋች በተከለከለው ክልል ሦስት ሰከንድ መቆየት አይችልም» ይላል። ዋናው ደንብ የሚከለክለው ከሦስት ተከታታይ ሰከንዶች በላይ መቆየትን ነው፤ ያውም በተጋጣሚ ክልል፣ የተጫዋቹ ቡድን በፊት ሜዳው ኳሱን በቁጥጥሩ ሥር ባደረገበትና የጨዋታው ሰዓት በሚሄድበት ጊዜ። «ተከታታይ» ሲጠፋ፣ ገባ ወጣ የሚል ተጫዋች ሰከንዶቹ ተደምረው ይቆጠሩበታል። «የተጋጣሚ» ሲጠፋ፣ ተከላካዩ የራሱን ቅርጫት እየጠበቀ ሳለ ፊሽካ ይነፋበታል። «የተከለከለ ክልል» የሚለውም ስም አይስማማም፤ ቦታው አልተከለከለም፣ የተገደበው ቆይታው ነው። «የሦስት ሰከንድ ክልል» ማለት እዚህ ላይ ይሻላል። ይህ በቁጥር መሰየም የለበትም ካልሁት ጋር እንደማይስማማ አላጣሁትም፤ ሌላ የተሻለ ስም ስላላገኘሁ ነው።

«በቅርብ የተጠበቀ ተጫዋች» የሚለው ደግሞ ሳያስቡት የሚያሳስት ነው። በአማርኛ የተጠበቀ ሰው ከጉዳት የተጠበቀ ነው፤ ወይም ይመጣል ተብሎ የተጠበቀ ነው። ደንቡ የሚናገረው ግን ኳስ ይዞ ሳለ ተከላካይ ከአንድ ሜትር ባልራቀ ርቀት በንቃት ስለ ተጋረጠበትና በአምስት ሰከንድ ውስጥ ማቀበል፣ መወርወር ወይም ማንጠር ስላለበት ተጫዋች ነው። «በቅርብ ተከላካይ የቆመበት» ብንል «-በት» ሥራውን ይሠራልናል፤ ለእርሱ ሳይሆን በእርሱ ላይ መሆኑን ማንም ይረዳል።

ከሁሉ የከፋው «ጎልቴንዲንግ» ላይ ደርሷል። ረቂቁ «ግብ መጠበቅ» ብሎታል። በእግር ኳስ ግብ ጠባቂ የተከበረ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። «ግብ መጠበቅ ክልክል ነው» የሚል ደንብ ያነበበ ጀማሪ ምን ያስባል? ጥሰቱ የሚፈጸመው ወደ ቅርጫቱ የተወረወረው ኳስ ከቀለበቱ ከፍታ በላይ ሳለ ቁልቁል መውረድ ከጀመረ ወይም ሰሌዳውን ከነካ በኋላ ተጫዋች ሲነካው ነው። ልብ ሊባል የሚገባው የውጤቱ ልዩነት ነው፤ የነካው ተከላካይ ከሆነ ኳሱ እንደ ገባ ተቆጥሮ ነጥቡ ለወርዋሪው ቡድን ይሰጣል፣ የነካው አጥቂ ከሆነ ግን ነጥብ አይቆጠርም። ረቂቁ ይህን ሳይለይ «ኳሱ ለተጋጣሚ ይሰጣል» ብሎ አልፎታል፤ ለአንድ ጨዋታ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ማለት ነው። ለስሙ «ወራጅ ኳስ መንካት» የሚለውን ሳቀርብ አንድ ወጣት ባልደረባዬ «ወራጅ አለ!» ብሎ የታክሲ ተሳፋሪ ድምፅ አሰማኝ። በእግር ኳስም «ወራጅ ቀጣና» ለሌላ ነገር ተይዟል። ያም ሆኖ ኳሱ ከቃሉ ጋር እስካለ ድረስ ከዚህ የቀና ስም አላየሁም።

አንድ የአመዳደብ ስሕተትም አለ። ሁለት ተጋጣሚዎች ኳሱን እኩል አጥብቀው ሲይዙት ረቂቁ ከጥሰቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። ማንም የጣሰው ነገር የለም፤ ኳሱ በተራ በሚሰጥበት ሥርዓት ተራው ለደረሰው ቡድን ይሰጣል እንጂ ጣሽ አይፈለግበትም።

ስለ ጥፋት ዐይነቶች በአጭሩ። «የግል ጥፋት» የሚለው ስም «የግል ጉዳይ» እንደምንለው ሌላውን የማይመለከት ያስመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ከሌላ ሰው ጋር የሚደረግ ሕገ ወጥ ንክኪ ነው። «ቴክኒካዊ ጥፋት» ደግሞ የችሎታ ጉድለት ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ንክኪ የሌለበት የጠባይ ጥፋት ነው። ደንቡ ራሱ ሁለቱን በንክኪ መኖርና አለመኖር ስለሚለያቸው «የንክኪ ጥፋት» እና «ያለ ንክኪ ጥፋት» ብንል ጥንዱ በራሱ ይጠናል። «ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ጥፋት» የሚለው ረጅም ቢሆንም የለመደ ስለሆነ ይቆይ፤ የመጨረሻውን «የሚያስወጣ ጥፋት» ማለት ይበቃል።

ፈታኙ የጽሑፉን ምዕራፎች ጎን ለጎን ባሳየሁት ጊዜ የሠልጣኙን ዜሮ ሰርዞ ጥያቄውን በድጋሚ ጠይቆታል፤ ረቂቁም ለእርማት ተመልሷል። ገና ያልተፈታው የነጥብ መመዝገቢያው ቅጽ ነው። በዓለም አቀፉ ቅጽ ጥፋቶች የሚመዘገቡት በላቲን ፊደል ነው፤ ፒ ለንክኪው፣ ቲ ለያለ ንክኪው፣ ዩ ለጨዋነት ጉድለቱ፣ ዲ ለሚያስወጣው። በአገር ውስጥ ውድድር በአማርኛ ይመዝገብ ከተባለ፣ ከላይ ካቀረብኋቸው ስሞች ን፣ ያ፣ ስ እና የ ይወጣሉ። «ያ» እና «የ» በቸኮለ መዝጋቢ እጅ ስለሚምታቱ፣ ለመጨረሻው «ወ» እንዲጻፍ አሳስቤያለሁ።